ከ114ኛው ደቂቃ በኋላ

ስለ ስፔናዊው የእግር ኳስ ተጫዋችና አሰልጣኝ ስለ ሉዊስ አራጎኔስ ለመጻፍ በተቀመጥሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚያስቸግረኝ እግር ኳሱ ሳይሆን ሰዋስዉ ነው። አማርኛ ሰውን ሳይመዝን አያወራም፤ አንዲት ግስ ለመጨረስ እንኳ ሰውየው «እሱ» ይሁን «እሳቸው» አስቀድሞ መወሰን አለበት። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ተጫዋችን ያለ ማመንታት «እሱ» ይሉታል፤ ፀጉሩ የሸበተ አሰልጣኝ ሲመጣ ግን በአንድ ዘገባ ውስጥ ሁለቱን ሲቀላቅሉ እንሰማለን። አራጎኔስ ደግሞ ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት የተሻገረው በረዳትነት ዓመታት አልፎ ሳይሆን በአንድ የውድድር ዘመን መካከል፣ ማሊያውን አውልቆ ቱታ እንደ መልበስ ባለ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ ማሊያ የለበሰውን «እሱ»፣ ቱታ የለበሱትን «እሳቸው» እላለሁ። ሕጉ አንድ ቦታ ላይ እንደሚፈትነኝ አውቃለሁ፤ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሊያ የለበሰውን ሉዊስ የማውቀው ከሁሉ በላይ በአንዲት ኳስ ነው። ሜይ 15 ቀን 1974፣ ብራስልስ፣ ሄይስል ስታዲየም፤ የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ አትሌቲኮ ማድሪድ ከባየርን ሙኒክ። ዘጠናው ደቂቃ ያለ ግብ አልቆ ተጨማሪው ሰዓትም ሊገባደድ ሲቃረብ፣ በ114ኛው ደቂቃ ከባየርን የፍፁም ቅጣት ምት ክልል አጠገብ ቅጣት ምት ተገኘ። ኳሷን ያስቀመጠው የ35 ዓመቱ ሉዊስ ነበር። ተንደርድሮ በተከላካዮቹ ግድግዳ ላይ ቀለስ አድርጎ አሳለፋት፤ የምዕራብ ጀርመኑ ታላቅ በረኛ ሴፕ ማየር ከቆመበት ሳይነቃነቅ ኳሷን በዓይኑ ብቻ ሸኛት። የቀረው ስድስት ደቂቃ ነበር። ስድስተኛው ደቂቃ እያለቀ ሳለ ጌኦርግ ሽዋርዘንቤክ የሚባል፣ ግብ ማስቆጠር ሥራው ያልሆነ ተከላካይ፣ የሚያቀብለው ሰው ያጣ ይመስል ከሩቅ ለጋት፤ ኳሷም ከበረኛው ከሚጌል ሬይና እጅ አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። ያኔ ፍጻሜው በመለያ ምት አይወሰንም ነበርና ጨዋታው ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ሜዳ ተደገመ። ባየርን 4 ለ 0 አሸነፈ፤ ሁለቱን ኡሊ ሆነስ፣ ሁለቱን ጌርድ ሙለር አስቆጠሩ።

የአትሌቲኮ ሰዎች ራሳቸውን «ኤል ፑፓስ» ብለው የሚጠሩበት ልማድ አለ፤ ቁስል የማያጣው፣ መከራ የሚወደው እንደማለት ነው። ብዙዎች ስያሜውን ከዚያች ምሽት ጋር ያያይዙታል። እኔ የምገረመው ግን በሌላ ነገር ነው፦ በዚያች ምሽት ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ሰዓት የሠራ አንድ ሰው ቢኖር ሉዊስ ነበር፤ ሆኖም እሱም ከተሸነፉት አንዱ ሆኖ ወጣ።

የተወለደው ጁላይ 28 ቀን 1938፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሳያበቃ፣ ኦርታሌዛ በምትባል ስፍራ ነው። ኦርታሌዛ ዛሬ ማድሪድ ከተማ ውጧት አንድ ክፍለ ከተማ ሆናለች፤ ያኔ ግን ለብቻዋ የቆመች መንደር ነበረች። ጌታፌ ጀምሮ ወደ ሪያል ማድሪድ ቢሄድም በዋናው ቡድን ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ በውሰት ከክለብ ክለብ ሲያዞሩት ቆይተው ለቀቁት። በኦቪየዶና በቤቲስ በኩል አልፎ በ1964 አትሌቲኮ ደረሰ፤ እዚያም አሥር ዓመት ተቀመጠ። በእነዚያ ዓመታት ሦስት ጊዜ (በ1966፣ በ1970 እና በ1973) የሊጉን ዋንጫ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ያን ጊዜ በጄኔራሊሲሞው (በአምባገነኑ ፍራንኮ) ስም ይጠራ የነበረውን የስፔን ዋንጫ አንሥቷል። በ1970 ከቡድን ጓደኛው ከጋራቴና ከሪያል ማድሪዱ አማንሲዮ ጋር እኩል 16 ግብ አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢነትን ተጋርቷል። በኦክቶበር 1966 በማንሳናሬስ ወንዝ ዳር የተከፈተው አዲሱ ስታዲየም ያየው የመጀመሪያ ግብም የእሱ ነው። በክለቡ ማሊያ ያስቆጠራቸው ከ170 የሚበልጡ ግቦች እስከ ጃንዋሪ 2024፣ አንቷን ግሪዝማን እስኪያልፋቸው ድረስ፣ የክለቡ ክብረ ወሰን ሆነው ቆይተዋል።

አጥቂ ቢባልም በተከላካዮች መካከል ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ ዓይነት አልነበረም። ከኋላ ተነሥቶ፣ ሁሉም ሌላውን ሲያይ ዘግይቶ የሚደርስ አጥቂ ነበር፤ በተለይ ደግሞ የቅጣት ምት ጌታ። «ሳፓቶኔስ» ይሉት ነበር፤ ትልልቅ ጫማ እንደማለት። ለብሔራዊ ቡድን ግን 11 ጊዜ ብቻ ተሰልፎ 3 ግብ አስቆጠረ፤ ከዚያ ያለፈ አሻራ አላኖረም። አገሩ በማሊያ ያልፈለገችውን ሰው በቱታ እስክትፈልገው ብዙ ዘመን አለፈ።

ከብራስልስ በኋላ አሰልጣኙ ሁዋን ካርሎስ ሎሬንሶ ብዙ አልቆዩም። በዚያው በ1974 መገባደጃ ክለቡ ሲያሰናብታቸው ፕሬዚዳንቱ ቪሴንቴ ካልዴሮን ተተኪ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ ከዚያው ከመልበሻ ክፍሉ ሉዊስን ጠሩት። ስፓኒሽም እንደ እኛ አንተና አንቱን የሚለይ ቋንቋ ስለሆነ፣ ትናንት አብረውት ሲላፉ የነበሩት ጓደኞቹ በማግስቱ ልምምድ ላይ ያው የእኔ የሰዋስው ችግር ሳይገጥማቸው አልቀረም። እኔም ከዚህ ጀምሮ አንቱ እላለሁ። ባየርን የአውሮፓና የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖች በሚገናኙበት በአህጉራት ዋንጫ አልጫወትም በማለቱ ዕድሉ ለተሸናፊው አትሌቲኮ ደረሰ፤ በ1975 በመጀመሪያው ጨዋታ በአርጀንቲናው ኢንዴፔንዲየንቴ 1 ለ 0 ተሸንፈው በመልሱ ማድሪድ ላይ 2 ለ 0 ረቱ። የአውሮፓን ዋንጫ አንሥቶ የማያውቅ ክለብ የዓለም ክለቦች ሻምፒዮን ሆነ። በ1976 የስፔን ዋንጫን፣ በ1977 ደግሞ ሊጉን ጨመሩ፤ አራጎኔስ በአሰልጣኝነት ያነሡት የሊግ ዋንጫ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት በጉዞ ያለቀ ነው፤ ሁሉንም ብዘረዝረው የአውቶቡስ ፌርማታ ስም እንደ መቁጠር ይሆናል። ወደ አትሌቲኮ እየተመላለሱ፣ በመካከሉ ባርሴሎናን፣ ኤስፓኞልን፣ ሴቪያን፣ ቫሌንሲያን፣ ቤቲስን፣ ኦቪየዶን፣ ማዮርካን አሠለጠኑ። በስፔን አንደኛ ዲቪዚዮን 757 ጨዋታ መርተዋል። የአጨዋወት መልካቸውም በዚህ ሁሉ ጉዞ ብዙ አልተለወጠም፦ ወደ ኋላ ተሰብስቦ መጠበቅ፣ ኳሷን መንጠቅ፣ ከዚያ በሁለት በሦስት ቅብብል ተቃራኒው በር ላይ መገኘት። በ1985 ሁጎ ሳንቼዝን ይዘው የስፔን ዋንጫን ያነሡት፣ በ1992ም በሪያል ማድሪድ ሜዳ በርናቤዉ ላይ ያንኑ ሪያል ማድሪድን በበርንድ ሹስተርና በፓውሎ ፉትሬ ግቦች 2 ለ 0 የረቱት በዚህ መንገድ ነው። እግር ኳስ ማለት «ማሸነፍ፣ ማሸነፍ፣ ማሸነፍ፣ እንደገናም ማሸነፍ» ነው የሚለው ዝነኛ ንግግራቸው የዚህ ዘመን መንፈስ አለበት። ስለ ውበት አንዲት ቃል እንኳ የለበትም።

ከፌርማታዎቹ ሁለቱ ላይ ግን መውረድ እፈልጋለሁ። አንደኛው ባርሴሎና ነው። በ1987–88 የውድድር ዘመን ቡድኑን ይዘው የስፔንን ዋንጫ ቢያነሡም፣ በኤፕሪል 1988 ተጫዋቾቹ በግብር ጉዳይ ከፕሬዚዳንቱ ከኑኜዝ ጋር ተጣልተው ኤስፔሪያ በተባለ ሆቴል በአደባባይ እንዲለቁ ሲጠይቁ፣ አሰልጣኙ አራጎኔስ ከተጫዋቾቹ ጎን ተቀመጡ። እንዲህ ያደረገ አሰልጣኝ ሥራው ላይ አይቆይም፤ አልቆዩምም። በእሳቸው ምትክ የመጣው ዮሃን ክራይፍ ነው። ክራይፍ በባርሴሎና የዘራው ዘር ሃያ ዓመት ቆይቶ ዣቪን፣ ኢኒዬስታንና ፋብሬጋስን ሲያበቅል፣ አዝመራውን በብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ ያጨዱት ግን ያው በእሱ የተተኩት ሰው ሆኑ። ሁለተኛው ፌርማታ 2001 ነው። ማዮርካን በሊጉ ሦስተኛ አድርገው ለሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ አብቅተው ሳለ፣ ያን ትተው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወደ ወረደው አትሌቲኮ ተመለሱ። በ2002 ቡድኑን የዲቪዚዮኑ አሸናፊ አድርገው ወደ ላይ አወጡት፤ በዚያ ቡድን ውስጥ ፈርናንዶ ቶሬስ የሚባል የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ነበር። 63 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ከሻምፒዮንስ ሊግ በር ላይ ተመልሶ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚወርደው ለገንዘብ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር አልከራከረውም፤ እኔ ግን አይመስለኝም።

አሁን ሕጌ ወደሚፈተንበት ቦታ ደረስሁ።

በ2004 አራጎኔስ የስፔን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኑ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ የነበረ ሰው አርሰናል ምን ማለት እንደነበር ያውቃል። ቡድኑ ሊጉን ሳይሸነፍ የጨረሰበት ዓመት ነበር፤ የቲየሪ ሄንሪ ስም የተጻፈበት ቀይ ማሊያ ያልለበሰ የሰፈር ልጅ ከልጅ አይቆጠርም ነበር። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ፤ ዲኤስቲቪ በሚያሳዩ ቤቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰው ጉልበት ጋር ተጠላልፌ ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። በኦክቶበር ላይ አራጎኔስ በልምምድ ሜዳ የሄንሪን የክለብ ጓደኛ ሆሴ አንቶኒዮ ሬዬስን ወደ ጎን ወስደው፣ አንተ ከእሱ ትበልጣለህ ብለህ ንገረው ሲሉት፣ ሄንሪን የጠሩት በስሙ አልነበረም። የቆዳውን ቀለም ከእዳሪ ጋር አጣምረው ነበር የጠሩት። የቴሌቪዥን ካሜራ ያዛቸው። በቀጣዩ ወር ስፔን እንግሊዝን በበርናቤዉ ስታስተናግድ ከተመልካቹ መካከል ብዙዎች በእንግሊዝ ጥቁር ተጫዋቾች ላይ የዝንጀሮ ድምፅ አሰሙ፤ ፊፋም የስፔንን ፌዴሬሽን 100,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣ። አሰልጣኙን ፌዴሬሽናቸው በ2005 የቀጣቸው ግን 3,000 ዩሮ ነው።

ዘረኛ እንዳልሆኑ፣ ተጫዋቻቸውን ለማነሣሣት ብቻ እንደተናገሩት ደጋግመው ገልጸዋል። በማዮርካ ያሠለጠኑት ካሜሩናዊው ሳሙኤል ኤቶም እንደ አባት እንደሚያያቸው ተናግሮ ተከላክሎላቸዋል። ምስክርነቱን አልንቅም፤ ኤቶ የስታዲየም ስድብ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ሆኖም አልዋጥልህ ያለኝ ማብራሪያው ራሱ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንላለን፤ የእሳቸው ግን ያመለጠ አፍ አልነበረም፤ ልጁን ይቀሰቅሰዋል ብለው አስበው የመረጡት ቃል ነበር። አንድን ወጣት ለማበርታት ከሁሉ በፊት እጃቸው የገባው መሣሪያ የሌላው ሰው ቆዳ መሆኑ ነው የሚከብደኝ። እዚህ ላይ «እሳቸው» የሚለውን ወደ «እሱ» ዝቅ ላደርገው አስቤ ነበር። ጽፌው አየሁት፤ ቂም እንጂ ፍርድ አልመስልህ አለኝ፤ ስለዚህ መልሼ አንቱ አልኋቸው። አንቱታው ለዕድሜያቸው ነው።

ስለዚህ በ2006 የዓለም ዋንጫ ጁን 27 ቀን ሃኖቨር ላይ ስፔን ከፈረንሳይ ሲገናኙ የማን ደጋፊ እንደነበርሁ መናገር አያስፈልገኝም። ስፔን በምድቡ ዩክሬንን 4 ለ 0 አሳፍራ፣ ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፋ ነበር የመጣችው፤ ያረጁት ፈረንሳዮች ደግሞ በግድ ያለፉ ነበሩ። ዳቪድ ቪያ በፍፁም ቅጣት ምት ቀዳሚ ቢያደርጋቸውም ሪቤሪ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ሄንሪ ከፑዮል ጋር ተጋጭቶ ወደቀና ቅጣት ምት ተሰጠ። ዚዳን አሻማ፣ ቪዬራ በግንባሩ አስቆጠረ፤ ዚዳንም መጨረሻ ላይ ሦስተኛውን ጨመረ። ዳግም ባየው ሄንሪ የወደቀው ቀለል ባለ ንክኪ ነበር። በዚያች ምሽት ግን ያን ጥያቄ ያነሣ ሰው እኛ ቤት አልነበረም።

አራጎኔስ ይለቃሉ ተብሎ ሲጠበቅ አልለቀቁም፤ ነገሩም ባሰ። በሴፕቴምበር ቤልፋስት ላይ በሰሜን አየርላንድ 3 ለ 2 ተሸነፉ፤ ዴቪድ ሂሊ ብቻውን ሦስቱንም አስቆጠረ። በኦክቶበር ስዊድን 2 ለ 0 ደገመቻቸው። የአገሩ ጋዜጦች ስንብታቸውን ሲጽፉ፣ ሽማግሌው ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ በ102 ጨዋታ 44 ግብ ያስቆጠረውን አምበላቸውን ራውልን ከቤልፋስት በኋላ ዳግም አልጠሩትም። ለሁለት ዓመት ያህል በሄዱበት ሁሉ ስለ ራውል ተጠየቁ። በአንድ ወቅት መልሰው፣ ራውል ስንት የዓለም ዋንጫ፣ ስንት የአውሮፓ ዋንጫ ተጫወተ፣ ስንቱንስ አሸነፈ ብለው ጠይቀዋል፤ ጭካኔ ያለበት ቢሆንም ሒሳቡ ትክክል ነበር። በነገራችን ላይ ራውልም ቶሬስም በኋላ ቱታ ለብሰዋል፤ አንዱ የሪያል ማድሪድን፣ ሌላው የአትሌቲኮን ወጣቶች ለማሠልጠን።

ራውልን ማስቀረት ግን የለውጡ ጫጫታ የበዛበት ክፍል ብቻ ነው። ዋናው ለውጥ በመሀል ሜዳ ነበር። ስፔን ከድሮ ጀምሮ የምትኮራው «ላ ፉሪያ» በሚባለው ቁጣ፣ በሩጫና በጉልበት ነበር፤ ከግማሽ ፍጻሜ ሳትደርስ ለመሸነፏ የሚሰጠው ምክንያትም ሁልጊዜ ቁጣው አነሰ የሚል ነበር። አራጎኔስ ራሳቸው የመልሶ ማጥቃት ሰው ሆነው ሳለ፣ 68 ዓመት ከሞላቸው በኋላ፣ የኖሩበትን ሁሉ ገልብጠው አዩት። በጉልበት ጀርመንንና ጣሊያንን አንበልጥም፤ የምንበልጠው በእነዚህ አጫጭር ልጆች ነው፤ ስለዚህ አንዱን ከአንዱ አማርጬ ሳይሆን ሁሉንም አንድ ላይ አሰልፋለሁ አሉ። ዣቪ፣ ኢኒዬስታ፣ ሲልቫ፣ ካሶርላ፤ ቁመታቸው አንድ ሜትር ከሰባ አካባቢ የሆነ ልጆች። ቡድኑንም «ላ ሮኻ»፣ ቀዩ ቡድን ብለው መጥራት አዘወተሩ፤ ቁጣው ከስሙ ወጣ። እሳቸው እንዲህ ብለው ሲናገሩ ባልሰማም፣ እኔ በዚህ ውሳኔ ውስጥ የብራስልስ ምሽት ትታየኛለች። ሰባ ደርሶ ኳሷን ከእጃችን አናውጣት የሚል ሰው፣ ለስድስት ደቂቃ ብቻ ኳሷን ይዞ መቆየት ያቃተውን ቡድን የማያስታውስ አይመስለኝም። ኳሷ አንተ ዘንድ ካለች ሽዋርዘንቤክ ከሩቅ የሚለጋው ነገር የለውም።

ለውጡ በዓይን የታየው ኦክቶበር 13 ቀን 2007 በዴንማርኳ ኦርሁስ ከተማ ነው። ለአውሮፓ ዋንጫ ለማለፍ ማሸነፍ ግድ በሆነበት ጨዋታ፣ ስፔኖች ከ20 በላይ ቅብብል ሳይቋረጥባቸው ኳሷን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ኋላ ሲያመላልሱ ቆይተው፣ በመጨረሻ የቀኝ ተከላካዩ ሰርኺዮ ራሞስ እንደ አጥቂ ሰብሮ ገብቶ በበረኛው ላይ ቀለስ አድርጎ አስቆጠረ። 3 ለ 1 አሸነፉ። ያንን ግብ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከግቡ ይልቅ የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ትዕግሥት ነው፤ ሲሸነፍ ሊሰናበት ያለ የ69 ዓመት አሰልጣኝ ቡድን ችኮላ አይታይበትም። የራሞስን ስም ግን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በ2008ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በኦስትሪያ ሩሲያን 4 ለ 1፣ ስዊድንን 2 ለ 1፣ ግሪክን 2 ለ 1 አሸነፉ። የግሪኩ ጨዋታ ለተቀያሪዎቹ የተሰጠ ነበር፤ በግቡ የቆመውም ፔፔ ሬይና፣ ሽዋርዘንቤክ ከሩቅ ያስቆጠረበት የሚጌል ሬይና ልጅ ነው። እነዚያን አጫጭር ልጆች ከኋላ ሆኖ የሚጠብቃቸው ደግሞ ማርኮስ ሴና ነበር፤ ብራዚል ተወልዶ ስፔናዊ የሆነ ጥቁር አማካይ፤ ለብሔራዊ ቡድን በመጀመሪያ የጠሩትም አራጎኔስ ናቸው። በዚያ ውድድር ከሴና የተሻለ የተከላካይ አማካይ አላየሁም። ይህ የ2004ቱን ቃል ይሽረዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ አይሽረውም ባይ ነኝ፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ ናቸው።

ሩብ ፍጻሜው የዓለም ሻምፒዮኗ ጣሊያን ደረሳቸው፤ ቀኑም ጁን 22 ሆነ። ስፔናዊ ለሆነ ሰው ጁን 22 ቀላል ቀን አይደለም። በ1986 በቤልጅየም፣ በ1996 በእንግሊዝ፣ በ2002 በደቡብ ኮሪያ ከውድድር የወጡት ሦስቱንም ጊዜ በሩብ ፍጻሜ፣ ሦስቱንም ጊዜ በመለያ ምት፣ ሦስቱንም ጊዜ ጁን 22 ቀን ነበር። አራጎኔስ ደግሞ በገድ የሚያምኑ፣ ቢጫ ቀለም ሲያዩ የሚሸሹ ሰው ነበሩ። 120 ደቂቃው 0 ለ 0 አለቀ፤ ወደዚያው ወደ መለያ ምት ሄዱ። ካሲያስ የዴ ሮሲንና የዲ ናታሌን አዳነ፤ የመጨረሻዋን ምት የ21 ዓመቱ ሴስክ ፋብሬጋስ አገባ። ፋብሬጋስ ያኔ የእኛ፣ የአርሰናል ልጅ ነበር፤ ከ2004 ጀምሮ በስፔን ላይ የያዝሁት ቂም መላላት የጀመረው እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም። በግማሽ ፍጻሜው ሩሲያን እንደገና 3 ለ 0 አሸነፉ።

ፍጻሜው ከጀርመን ጋር የተደረገው እሑድ ጁን 29 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. መሆኑን ለአራጎኔስ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እንኳንም አልነገራቸው። በዚያ ክረምት መብራት በፈረቃ ነበር፤ ስለዚህ ኳስ የሚታየው ጄኔሬተር ባለበት ቤት ነው። ከምሽቱ 3:45 ሲጀመር ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ የሰውና የጄኔሬተር ጩኸት ነበር። ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ በኋላ እንዳወሩት፣ ሽማግሌው ከጨዋታው በፊት የጀርመኑን አምበል ባላክን «ዋላስ» እያሉ ሲጠሩት ልጆቹ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። በ33ኛው ደቂቃ ዣቪ በመሀል ሰነጠቀለት፤ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ጀምረው ያሳደጉት ቶሬስ ፊሊፕ ላምን በትከሻው አልፎ በተዘረጋው በረኛ በሌማን ላይ ከፍ አድርጎ አሻገራት። 1 ለ 0። ከዚያ በኋላ 57 ደቂቃ ነበር የቀረው፤ ጀርመኖች ኳሷን አሳደው አሳደው አላገኟትም። ስፔን ከ1964 ወዲህ፣ በ44 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋን ትልቅ ዋንጫ አነሣች። አራጎኔስ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሡ በዕድሜ ትልቁ አሰልጣኝ ሆኑ። ልጆቹ ወደ ላይ ሲወረውሯቸው እኔም ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ፣ አንተ ሰውየውን ትጠላው የለም እንዴ አለኝ። እጠላቸዋለሁ አልሁት፤ እያጨበጨብሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ቀድመው እንደወሰኑት ቡድኑን ለቪሴንቴ ዴል ቦስኬ ትተው ወደ ፌነርባቼ ሄዱ፤ ኢስታንቡል ላይ በአርሰናል 5 ለ 2 ተሸነፉ፤ ዓመቱን አራተኛ ሆነው ጨርሰው ለቀቁ። ዴል ቦስኬ በአመዛኙ በእነዚያው ልጆች የ2010ን የዓለም ዋንጫና የ2012ን የአውሮፓ ዋንጫ ወሰዱ። አራጎኔስ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2014 በ75 ዓመታቸው በማድሪድ በደም ካንሰር አረፉ። በማግስቱ አትሌቲኮ፣ የመጀመሪያዋን ግብ እሳቸው ባስቆጠሩበት ስታዲየም፣ ሪያል ሶሲዬዳድን 4 ለ 0 አሸንፎ ሊጉን ብቻውን መምራት ጀመረ፤ በሜይ ወርም ዋንጫውን ወሰደ።

በዚያው ሜይ 24 ቀን፣ ብራስልስ ከሆነች 40 ዓመት ከ9 ቀን በኋላ፣ አትሌቲኮ እንደገና ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ ሊዝበን ላይ፣ ከሪያል ማድሪድ ጋር። ጎዲን በ36ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። ዘጠናው ደቂቃ አልቆ በጭማሪው ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ሞድሪች ከማዕዘን ሲያሻማ፣ የምመለከተው ኳሷን ሳይሆን ከተከላካዮቹ መካከል ብቻውን ወደ ላይ የወጣውን ራስ ነበር። ራሞስ ነበር። በሰፈሩ ቤት ውስጥ ግማሹ ሰው ዘለለ፤ የቀረነው ተቀመጥን፤ እኔም ጨዋታው 4 ለ 1 እስኪያልቅ ድረስ የቀረውን ሰዓት ሽማግሌው ይህንን ሳያዩ መሞታቸውን እያሰብሁ ጨረስሁት።